የተሾመው ምሰሶ

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው እኛ አገር አይደለም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም፤ ሆኖም አያውቅም፤ ሆኗል የሚል ሰው ካለም እኔ አላየሁትም፣ ድምፁንም አልሰማሁም። ነገሩ የሆነው ራቅ ብሎ ነው፤ ተራራውን አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ። የትኛው ተራራ፣ የትኛው ወንዝ ብላችሁ እንዳትነዘንዙኝ። የአገሩን ስም ብጠራ ከመካከላችሁ አንዱ «ዘመዶቼ ናቸው» ብሎ ይነሣና ጨዋታው ይበላሻል። እኔ ደግሞ ጨዋታዬን ሲያቋርጡኝ ደሜ ይፈላል።

በዚያ አገር አንድ ንጉሥ ነበር። ንጉሡ አንድ ቀን ተነሥቶ «በእያንዳንዱ ሰው ቤት ውስጥ ካልተገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ። መኳንንቱ ጨነቃቸው። አንድ ሰው በስንቱ ቤት ይቀመጣል? መከሩ፣ ዘከሩ፣ በመጨረሻ መላ ዘየዱ። በየቤቱ መካከል ቀጥ ብሎ የሚቆመው ምሰሶ የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ ይሾም! ንጉሡም ደስ አለው፤ ያን ቀን እንቅልፉን ለጥ አደረገው ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶውን ራሱ መርጦ መትከል ቀረ። ምሰሶ የሚመጣው ከቤተ መንግሥቱ ደን ሆነ። የሚመረጠውም በቁመናው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ ለዓይን የሚያምር። ወይራ «ጎባጣ ነው፣ ፊቱም አይፈታም» ተብሎ ቀረ። ጥንካሬውን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ለሹመት ጥንካሬ ምን ይሠራል? ምሰሶው ተተክሎ ጣራው ከተዋቀረ በኋላ የቤተ መንግሥት ሰው ይመጣና በወገቡ ላይ ቀይ መቀነት ያስርለታል፤ የማዕረግ ስምም ያወጣለታል።

ደንቡን ስሙኝ። ወደ ቤት የገባ ሰው ከባለቤቱ በፊት ምሰሶውን እጅ ይነሣል። ጀርባውን አይሰጠውም። አይደገፈውም፤ ደክሞትም ቢሆን ግድግዳውን ይደገፋል እንጂ ሹም አይደገፍም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምሰሶን ማንኳኳት ክልክል ነው። ምሰሶ ያንኳኳ ሹም እንደመረመረ ይቆጠራል፤ ሹም ይመረምራል እንጂ አይመረመርም። ፍየል እንኳ ገብታ ቀንዷን ብታክበት ባለቤቷ በፍየሏ ስም ይቅርታ ይጠይቃል።

ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ማን ከለከላችሁ። እነሱ ግን አይስቁም ነበር።

በዚያ አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባለሙያ ናት፤ ምላሷ ግን በርበሬ ነው። ባሏ ዳኘው ይባላል፤ ሕግ በጣም የሚወድ ሰው። ሕጉ እሱን ይወደው እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም እንጂ፣ ሕግ ሲባል ተኝቶ እንኳ ቢሆን ብድግ ይላል። የቤታቸው ምሰሶ ማዕረግ «ሊቀ ጣራ አይነቃነቅ» ነበር። ዳኘው ጠዋት ጠዋት «ሊቀ ጣራ፣ እንደምን አደሩ?» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሚስቱን የሚያያት። አንጓች በዚህ ታኮርፋለች፤ ማን ያያታል?

ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ስንዱ የበኩር ልጇን ልትወልድ ደረሰችና እንደ ወጉ እናቷ ቤት ገባች። ባሏ ይርጋም ተከትሏት መጣ። ይርጋ ረጅም ነው፤ ረጅም ስል ደግሞ እንደ እናንተ አይደለም፤ በር ሲገባ አንዴ አጎንብሶ የማይበቃው፣ ከገባም በኋላ ቀና ለማለት የሚፈራ ሰው ነው።

አንድ ቀን አንጓች ለልጇ ገንፎ አገነፋች። መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ ጨመረች። ስንዱ ልትጎርስ እጇን ስትዘረጋ ከላይ ደቃቅ ነገር ቡን ብሎ ቅቤው ላይ ወረደ።

«ማነው ዱቄት የሚነፋብኝ?» አለች አንጓች ቀና ብላ።

ማንም የለም። ደግሞ ቡን አለ። ዓይኗን ከላይ ወደ ታች ብታወርድ ከወለሉ የተነሣ ቀጭን የጭቃ መንገድ ምሰሶውን ይዞ ወጥቶ ከቀዩ መቀነት ሥር ገብቷል። መቀነቱን ገለጥ አደረገችው። ነጫጭ ምስጦች፣ ሆዳቸው የሞላ፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ፣ ልክ እንደ ገበያ ቀን ሰው ይተራመሳሉ።

«ዳኘው! ኧረ ዳኘው! ምሰሶውን ምስጥ ጨረሰው!»

ዳኘው ከደጅ ሮጦ ገብቶ አፏን በእጁ ለመክደን ታገለ። «ዝም በይ አንቺ ሴት! ልታስጨርሺን ነው? ሊቀ ጣራን ምስጥ አይደፍራቸውም!»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው? ሩዝ ነው?»

«ምንም ይሁን። ስም አታውጪለት!»

በዚያ አገር «ምሰሶዬ ታመመ» ብሎ መናገር ያስቀጣል። ሲቸግር የሚባለው «ሊቀ ጣራችን እንግዳ በዝቶባቸዋል» ነው። ዳኘው ይህንኑ ወደ ቤተ መንግሥት ላከ። ሰንብቶ ሊቀ ጠያቂ ምንይችል መጣ፤ የምሰሶዎችን ጤንነት የሚጠይቅ ሹም ነው። ሆዱ ቀድሞ ገባ፤ እሱ ተከተለው። ከኋላው «አድማጭ» የሚባለው ረዳቱ አለ። ጆሮውን ምሰሶ ላይ መለጠፍ የሚፈቀድለት እሱ ብቻ ነው። ጆሮው ሰፊ ነበር፤ ለሹመት ያበቃውም ሌላ ምንም ሳይሆን እሱ ነው።

ሊቀ ጠያቂ ምንይችል ወደ ምሰሶው ቀርቦ እጅ ነሣ። «ሊቀ ጣራ አይነቃነቅ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

ምሰሶው ዝም።

«ጤና ይስጥልኝ። ቤተ ሰቡ ደህና? ከብቱ ደህና?»

ዝም።

«ደህና ናቸው» አለ ምንይችል ዞር ብሎ። «የታመመ ሰው ያቃስታል። እኚህ አላቃሰቱም።» ከዚያ ለወጉ ያህል አድማጩን ጠቀሰው። አድማጩ ጆሮውን ለጠፈ። ከውስጥ ቅርጥ ቅርጥ ቅርጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በሩ ላይ የቆመችው አንጓች እንኳ ትሰማዋለች።

«ምን ይላሉ?» አለ ምንይችል።

«እያሰቡ ነው፣ ጌታዬ።»

«ስለ ምን?»

«ጥልቅ ነገር ነው። ወደ ውስጥ እየገባ ነው።»

አንጓች አልቻለችም። «ጌታዬ፣ ሰው ሲያስብ ዱቄት ይረግፍለታል?»

ምንይችል ከላይ እስከ ታች አያት። «አንቺ ሴት፣ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አውቃለሁ።»

«ዱቄት ረግፎልሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው አላሰብሽም» አለና ነገሩ ተዘጋ። ለስንዱ የተቀመጠችው ዶሮ ታረደች፤ ምንይችልና አድማጩ በሏት፤ ለምሰሶው አጥንቷን እንኳ አላቀመሱትም። ምስጡ ግን ከእነሱ ጋር እኩል ጀምሮ፣ እነሱ እጃቸውን ታጥበው ሲነሡ እሱ ገና ይበላ ነበር።

እንግዲህ ምስጥ እንዴት እንደሚጠፋ በአገሩ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሞኞች አይደሉም። ሥሩን ትቆፍራለህ፣ እናቲቱን አውጥተህ ትጥላለህ፣ የፈላ ውኃ ትደፋለህ፣ አመድ ትሞላለህ፣ አለቀ። ችግሩ እናቲቱ የምትተኛው ከምሰሶው እግር ሥር መሆኑ ነው። የተሾመ ምሰሶ እግር ሥር መቆፈር ደግሞ ሹም ለመጣል ጉድጓድ መማስ ነው፤ አንገት ያስቆርጣል። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ እያወቀ፣ ዱቄቱን ከጸጉሩ ላይ እያራገፈ ይኖራል።

አንጓች ግን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እኔ በትል አልናቅም» ብላ አንድ ቁና አመድ ከምሰሶው እግር ዙሪያ ነሰነሰች። ማን ከሰሳት መሰላችሁ? ዳኘው! የገዛ ባሏ! «ዝም ብል ሕጉ ይቀየመኛል» ብሎ ሄዶ ተናገረ። አቤት ባል! ምን ልበላችሁ፤ እኔ ብሆን እሱን ነበር አመድ የምነሰንስበት።

ፍርዱ መጣ። አንጓች ድንጋይ በትከሻዋ ተሸክማ ምሰሶው ፊት ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቅ ተባለ። ጠየቀች። «ሊቀ ጣራ፣ አመድ ስለነሰነስኩብዎ ይቅር ይበሉኝ» አለች፤ ጥርሷን ነክሳ። ወዲያው ከላይ አንድ እፍኝ ብናኝ አናቷ ላይ ወረደ። አድማጩ «ይቅር ብለዋታል፤ እጃቸውንም ጭነውባታል» አለ። ዳኘው በደስታ አለቀሰ።

ስንዱ ወንድ ልጅ ወለደች። እልል ተባለ። አልጋዋ ያለው ከምሰሶው አጠገብ ነው፤ ወጉ አራስ ከሹሙ ጥላ ሥር ትተኛ ይላልና። በዚያው ሰሞን ጣራው መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ሲጢጥ ይላል። ቀጥሎ ወራጆቹ ተንቋቁ። ምሰሶው ከእግሩ እየተበላ፣ እያጠረ፣ ጣራው እየተከተለው ወርዶ ወርዶ የይርጋ አናት ላይ ደረሰ። ሕፃኑ በተኛበት ዱቄቱ ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ እናቱ በጭራ ታራግፍለታለች፤ ደግሞ ይወርዳል።

አንጓች ያን ጊዜ ፈራች። እልኸኛ ሰው ሲፈራ አያለቅስም፣ ይሳደባል፤ ጓሮ ወጥታ ምስጡን ሰደበች፣ ደኑን ሰደበች፣ የመቀነቱን ሸማኔ ሳይቀር ሰደበች። ሰድባ ስትጨርስ ግን አለቀሰች። የልጅ ልጇ ከዚያ ጣራ ሥር ነው ያለው፤ ምን ታድርግ?

እንደገና ምንይችል ተጠራ። አንጓች ለመነችው። «ጌታዬ፣ አራሷንና ሕፃኑን ጎረቤት ላሳድራቸው።»

«ምሰሶው በሹመቱ ላይ እያለ አራስ ከነልጇ አሽሽተሽ? ይህ ሹሙን መካድ ነው። ቤቱ ይወረሳል።»

«እሺ፣ አንድ ባላ ከጎን ላቁምበት።»

ምንይችል ደነገጠ። «ባላ? በአንድ ጣራ ሥር ሁለት እንጨት? ዛሬ ባላ ነኝ ያለ ነገ ምሰሶ ነኝ ይላል! ይህ ሽፍትነት ነው!»

«ታዲያ ጣራው ልጁ ላይ ሲወርድ ቆሜ ልይ?»

ሊቀ ጠያቂው አሰበ፤ ዱቄት ግን አልረገፈለትም። ቆይቶ «ሊቀ ጣራው ጤነኛ ናቸው፤ የሹመት ክብደት ብቻ ተጫናቸው» አለ። «ስለዚህ ለክብራቸው ሲባል ሰዎች ዙሪያቸውን ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ ይዘርጉ። እጃቸው ጣራውን ቢነካ ነውር የለውም። ሰው ምሰሶ ሆኖ ሊሾም ስለማይችል ለሥልጣናቸው አያሰጋም። እነዚህ ሰዎች ‹አክባሪ› ይባላሉ።»

እናም ሆነ። ይርጋ መሐል ቆመ። ዳኘው ቁመቱ አልደርስ ቢለው ሙቀጫ ገልብጦ ወጣበት። ጎረቤቶች በተራ መጡ፤ የእነሱም ቤት ያው ስለሆነ «ዛሬ ለእሷ፣ ነገ ለእኔ» አሉ። አቤት የነበረው ትርምስ! ሁሉም እጁን ሰቅሎ ስለቆመ ራሱን መመገብ የሚችል የለም፤ አንጓች ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየዞረች ታጎርሳለች። አለፈ የሚባል አንድ ጎረቤት ደግሞ እጁን ገና ከመስቀሉ አፍንጫው ይበላዋል። «ኧረ በእናታችሁ አፍንጫዬን!» ይላል። «የትኛውን ጎን?» ትላለች አንጓች። «ግራውን... አይ ቀኙን... ኧረ ወደ ላይ!» በዚህ መሐል ማዕረግ ያለው ሰው ወደ ቤት ሲገባ አክባሪዎቹ እጃቸው ወደ ላይ እንደተሰቀለ በአንገታቸው ብቻ ምሰሶውን እጅ ይነሣሉ። ጣራውን የያዙት እነሱ፣ የሚመሰገነው እሱ። ይህን ያስተዋለ ግን አልነበረም፤ ላብ ዓይን ውስጥ ሲገባ ሰው ብዙ አያስተውልም።

ምሰሶው ይህን ሁሉ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ። «የአይነቃነቅ ጣራ ሊወርድ ነው ሲባል ይኸው አልወረደም፤ እንዴት ያለ ጽኑ ሹም ነው!» ተባለ። የሹመት ዕድገት ተፈቀደለት። ምንይችል ሁለተኛ መቀነት፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ ይዞ መጣ። አክባሪዎቹ ጣራውን ይዘው ቆመዋል፤ ስንዱ አልጋዋ ላይ ልጇን ታቅፋለች፤ አንጓች አለፈን ታጎርሳለች። ምንይችል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ንጉሣችን ውለታ አይረሱም። ሊቀ ጣራ አይነቃነቅ ከዛሬ ጀምሮ ‹ሊቀ ሊቃውንተ ጣራ› ተብለዋል!» መቀነቱን በምሰሶው ወገብ አዞረ፤ ቋጠረ። ላላ አለበት። «ሹመት ያዳብር!» አለና በሁለት እጁ ሳብ አድርጎ አጠበቀው።

ምሰሶው ቀጭ እንኳ አላለም። ፍስስስ አለ። መቀነቱ እንደ ቅቤ ቆርጦት አለፈ፤ ቅርፊቱ ተሰባበረ፤ ውስጡ ባዶ ነበር፤ ጭቃና ዱቄት፣ ዱቄትና ምስጥ ብቻ። ብናኙ ቤቱን ሞላው። ሲጠራ ምንይችል ከጫማው እስከ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ ሁለት ባዶ መቀነት በእጁ ይዞ ቆሟል። አነጠሰ።

ጣራው አልወደቀም።

በዚያ አገር ምሰሶ የጣለ ሰው ሞት ይፈረድበታል፤ የጣለው ደግሞ ማን እንደሆነ ሁሉም አይቷል። ምንይችል ዓይኑን አርገበገበና እንዲህ አለ፦

«ሊቀ ሊቃውንት ወደ ረቂቅ ማዕረግ ተሸጋገሩ። ለተራ ዓይን አይታዩም። አሉ ግን!» ባዶው ቦታ ላይ እጅ ነሣ። አድማጩንም ጠቀሰው። ምስኪኑ አድማጭ ጆሮውን ወደ አየር አስጠጋ፤ አዘነበለ፤ ግራ ገባው።

«ምን ይላሉ?»

«ጸጥ ብለዋል፣ ጌታዬ። አስበው ጨርሰዋል።»

ዳኘው ሙቀጫው ላይ እንደቆመ ለባዶው ቦታ አንገቱን ሰበር አደረገ። አንጓች አየችው። ከዚያ ወደ ላይ አየች፤ የተሰቀሉትን እጆች፣ አንድ በአንድ። በይርጋ እጅ ላይ የደም ሥሩ ተገትሯል። አለፈ ይንቀጠቀጣል። ዳኘው በእግሩ ጣት ቆሟል።

«ጌታዬ» አለች ረጋ ብላ፣ «ለመሆኑ አሁን ጣራውን የያዘው ማነው?»

«ሊቀ ሊቃውንት ናቸው እንጂ! ማን ሊሆን ነው?»

«በደንብ ይዘውታል?»

«ከመቼውም ይልቅ!»

«እሰይ። እንግዲያው ሥጋ የለበሱት ሊቀ ጣራ በቦታቸው ስለሌሉ አራሷ ብትወጣ የሚካድ ሹም የለም፤ ረቂቅ ከሆኑም ደጅ ድረስ ይሸኟታል። ስንዱ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።»

ስንዱ አልጠየቀችም። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ብድግ አለች፣ በሩን አልፋ ፀሐይ ውስጥ ቆመች። አንጓች ልጇን በዓይኗ ሸኝታ ከጨረሰች በኋላ ወደ አክባሪዎቹ ዞረች።

«ጎረቤቶቼ፣ ደከማችሁ። በሉ እጃችሁን አውርዱ። ሊቀ ሊቃውንት ይዘውታል ተብሏል።»

መጀመሪያ አለፈ አንድ እጁን አወረደ፤ ምን ያድርግ፣ አፍንጫው ነዋ። ጣራው ጓ! አለ። ሁለተኛው ጎረቤት ክንዱን አጠፈ። ወራጆቹ ተንቋቁ፤ የሣር ክዳኑ ጭፍጫፊ ዘነበ። ይርጋ ጉልበቱ መታጠፍ ጀመረ።

«የለም! የለም! ያዙ! ያዙ እንጂ!» ብሎ ምንይችል መቀነቶቹን ጥሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ወረወረ፤ ጣራውን በመዳፉ ደገፈ። አድማጩም ተከተለው። ጆሮ ለጣራ አያገለግልም፤ እሱም በእጁ ያዘ።

«እንዴ ጌታዬ!» አለች አንጓች። «ሊቀ ሊቃውንቱስ?»

ምንይችል ፊቱ ቀላ። ብናኙ ከላቡ ጋር ተለውሶ ሊጥ ሆነ። «እመቤቴ» አለ፤ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ «እመቤቴ» ያላት፣ ሰው እጁ ወደ ላይ ሲሆን ትሕትና ይመጣለታል፤ «እመቤቴ፣ የሉም። ምስጥ በልቷቸዋል። እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉ።»

«ምን አሉ? ዳኘው አልሰማም።»

«ምስጥ! ምስጥ ነው! ምስጥ በልቷቸዋል!»

ዳኘው ከሙቀጫው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሹም ራሱ ስም አወጣለት! ሕጉ ካለው እንግዲህ እሱስ ምን ይላል? «እኔ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር» አለ። አንጓች ለዚህ መልስ አልሰጠችም፤ ከጊዜ በኋላ ሰጥታዋለች ይባላል፣ እሱን ግን እዚህ አልነግራችሁም።

አንጓች ሥራዋን ጀመረች። ዳኘውን ከሙቀጫው አወረደችው፤ ምንይችል በእሱ ፈንታ ወጣበት። አካፋ ለባሏ ሰጠችው። የምሰሶው እግር ከነበረበት ሲቆፍሩ እናቲቱ ምስጥ ተገኘች፤ የአውራ ጣት ያህል፣ ነጭ፣ የሰባች፣ መራመድ የማትችል፣ ሺህ አሽከር የከበባት። አለፈ አንገቱን አቅንቶ «እቺ ናት የማዕረጉ ባለቤት?» አለ። አንጓች በአካፋው አንሥታ ለዶሮዎቹ ወረወረቻት። የፈላ ውኃ ተደፋ፤ አመድ ተሞላ፤ ወለሉ ላይ የቀረው የጭቃ መንገድ ተፋቀ። ምንይችል ከላይ ሆኖ ያቃስታል።

«እመቤቴ፣ አይበቃም?»

«ኧረ ገና ነው። ምስጥ ቢተው ቢተው እንቁላሉን ይተዋል።»

«ክንዴ ሊቆረጥ ነው!»

«ያስቡ፣ ጌታዬ። ሲያስቡ ይረሳል።»

ይርጋ እጁን ለጎረቤት አስረክቦ ከወንዙ ዳር አንድ ጎባጣ ወይራ ቆርጦ አመጣ። እግሩን በእሳት ለበለቡት፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጉድጓዱ ውስጥ አነጠፉ፤ ወይራውን በላዩ አቆሙት። «ሆ!» ተባለ፤ ሁሉም፣ ሊቀ ጠያቂው ጭምር፣ ጣራውን ወደ ላይ ገፋ። ጣራው ተነሣ። ወይራው ገባበት። አንድ እጅ ወረደ፤ ጣራው ዝም። ሌላ እጅ ወረደ፤ ዝም። ሁሉም እጅ ወረደ። አለፈ አፍንጫውን በሁለት እጁ አከከ፤ «እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዬ አላየሁም» አለ። ስንዱ ልጇን ይዛ ተመለሰች፣ አልጋው ላይ አጋደመችው፤ ፊቱ ላይ ምንም አልወረደበትም። አንጓች የልጁን ፊት አይታ፣ እንደገና አይታ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ምንይችል ከሙቀጫው ወረደ። ልብሱን አራገፈ። እጁ ወደ ታች ሲሆን ትሕትናው አብሮ ወረደ፤ ሆዱን ነፋ፤ ከወለሉ ላይ ባለ ወርቅ ዘርፉን መቀነት አነሣና ወደ ወይራው ተራመደ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ይህ ጎበጥ ቢልም፣ በንጉሣችን ስም...»

አንጓች በመሐላቸው ገብታ ቆመች።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ። ይኼኛው አይሾምም።»

«ለምን?»

«ሥራ ላይ ነው።»

ምንይችል አፉን ከፈተ። የአገሩን የምሰሶ ሕግ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያውቀዋል፤ ቆሞ በሆዱ አነበነበው። ስለሚሾም ምሰሶ አለ፤ ስለሚሸለም አለ፤ ስለሚከበርና ስለሚታማ አለ፤ ስለ ፍየል ቀንድ እንኳ አለ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። ስለሚሠራ ምሰሶ ግን አንድም ቃል አላገኘም፤ መቀነቱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወጣ።